የግንባታ ደንብ ሕይወትን ይጠብቅ፤ ውድነትን አይጠብቅ

አሽ-ሹቀይቅን በመሰሉ የቀይ ባሕር ከተሞች ቤት መሥራት የራሱ ፈተና አለው። ጨዋማው አየርና እርጥበቱ የአርማታ ብረትን ያዝጋል፤ አካባቢውም ለመሬት መንቀጥቀጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የሳዑዲ የግንባታ ደንብ የመሠረትን ጥንካሬ፣ የኮንክሪትን ጥራትና የእሳት መከላከያን ግዴታ ማድረጉ ተገቢ ነው። ወጪው ቢከብድም የሰው ሕይወት ይበልጣልና በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም።

ይሁን እንጂ በየአገሩ ያለው የግንባታ ደንብ ሁሉ ሕይወትን የሚጠብቅ አይደለም። የቦታን ዝቅተኛ ስፋት ከፍ የሚያደርጉ፣ የፎቅን ቁጥር ያለ በቂ ምክንያት የሚገድቡ ድንጋጌዎች በአንድ መሬት ላይ ሊያርፉ የሚችሉትን ቤቶች ያሳንሳሉ። ቤቱ ሲያንስ ባለቤቱ ሀብቱ ያድግለታል፤ ተከራዩ ግን ኪራይ ይጨመርበታል።

የዚህን መዘዝ በአገራችን አይተነዋል። በአዲስ አበባ መሬት በሊዝ ጨረታ መግዛትም ሆነ የሕጋዊ ግንባታን ወጪ መሸፈን ያልቻለ ወገን በሌሊት መሥራትን መረጠ፤ «ጨረቃ ቤት» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ካርታ የለውም፤ መቼ እንደሚፈርስም አይታወቅም። በባሕር ማዶ ላብ የተገኘ ገንዘብ የሚያፈስበት ሁሉ ይህን ሊያስብ ይገባል።

ደንብን ማላላት ብቻውን ግን መፍትሔ አይሆንም። ተጨማሪ ፎቅ ሲፈቀድ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ይወደዳል፤ ትርፉም አጥሮ ለተቀመጠው ይሆናል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2015 ባዶ በተተወ የከተማ መሬት ላይ በዓመት የዋጋውን 2.5 በመቶ ክፍያ የጣለችው ለዚህ ነው። መጠኑ ከገንዘብ ዘካ ጋር ቢመሳሰልም ክፍያው ዘካ አይደለም። በ2025 በተደረገው ማሻሻያ ጣሪያው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ገበያ እስኪወደድ እህልን ማከማቸት በሸሪዓ የተነቀፈ ነው፤ ሰው መጠለያ አጥቶ ሳለ መሬትን አጥሮ ዋጋ መጠበቅም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቶች በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ አንድ ጥያቄ ያንሡ፦ ይህ ድንጋጌ የሚጠብቀው የማንን ሕይወት ነው? መልስ ያለው ይጽና፤ መልስ የሌለው ይሻር። የታጠረው መሬትም ለሚሠራበት ይከፈት።