የሯጭ ውሃ፦ በጥማት ወይስ በሰዓት?

ዓርብ ማለዳ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ወደ ዋዲ ሐኒፋ የሚወርድ ሰው ሪያድ ምን ያህል እንደተለወጠች ለመረዳት ብዙ መራመድ አያስፈልገውም። የመኪና ከተማ ብቻ ተደርጋ ትታሰብ የነበረችው ዋና ከተማ ዛሬ በየመንገዱ ዳር የሚሮጥ ሰው አላት። ሙሉ ማራቶን በከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ነው። በ2019 ይፋ የተደረገው የስፖርት ቡሌቫርድ ሥራም ሲጠናቀቅ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የእግር፣ የብስክሌትና የፈረስ መንገድ ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋርጣታል። ከሚሮጡት መካከል አማርኛ ተናጋሪዎች አይታጡም፤ ሩጫ በተነሣበት ሁሉ የሐበሻ ስም መነሣቱ ደግሞ የታወቀ ነው።

በእነዚህ ሯጮች መካከል የማይሞት አንድ ክርክር አለ። አንዱ ወገን ውሃ ሆድ ያከብዳል፣ ጎን ይወጋል፣ ጎበዝ ሯጭ አፉን ሳያርስ ይጨርሳል ይላል። ሌላው ወገን ጥማት ከመጣ ወዲያ ጊዜው አልፏል፣ ስለዚህ ሳይጠሙ በየሩብ ሰዓቱ መጠጣት ግዴታ ነው ባይ ነው። የሚገርመው ሁለቱም አስተሳሰቦች በየዘመናቸው የባለሙያ ቃል ሆነው መቆየታቸው ነው። በ1950ዎቹ የነበረው የማራቶን ደንብ ለሯጮች መጠጥ ማቅረብ የሚፈቅደው ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነበር። በ1996 ደግሞ የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ሯጮች በላብ ያጡትን ሁሉ ለመተካት፣ አለዚያም ሆዳቸው የቻለውን ያህል እንዲጠጡ መከረ፤ ልኩንም በሰዓት ከ600 እስከ 1,200 ሚሊ ሊትር አደረሰው። በአርባ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ምክሩ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ዘለለ ማለት ነው። እውነቱ ግን የተገኘው ከሁለቱም ዳር ራቅ ብሎ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ከሪያድ ብዙም ሳይርቅ በዱባይ የተፈጸመ ነገር ነው። በጃንዋሪ 2009 ኃይሌ ገብረሥላሴ የዱባይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ወራት በፊት በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው እርሱ ነበር። በዱባዩ ውድድር የሰውነቱን ክብደት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ ኃይሌ በሩጫው ውስጥ ከክብደቱ 9.8 በመቶ አጥቷል። የመማሪያ መጻሕፍት ከ2 በመቶ በላይ የቀነሰ ሯጭ ጉልበቱ ይደክማል ሲሉ ኖረዋል፤ እርሱ ግን አንድ አሥረኛ የሚጠጋውን በላብ ጥሎ ሁሉንም ቀድሞ ገባ። በዚያው ጥናት የታዩት ታላላቅ የማራቶን ሯጮች የጠጡት ውሃ በአማካይ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ ውሃ አያስፈልግም» የሚል ካለ ነገሩን ገልብጦ አንብቦታል። ኃይሌ ጠጥቷል፤ ያልጠጣው በትእዛዝ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በሩጫ የተገራ ሰውነት ምን ያህል መቋቋም እንደሚችል ማየትና፣ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ ዓርብ ዓርብ የሚሮጥ ሰው ያንኑ ይሞክር ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዱባዩ ታሪክ የሚያስተምረው በሩጫ ጊዜ ክብደት መቀነስ በራሱ በሽታ አለመሆኑን ነው።

በሌላው ዳር ያለው አደጋ ብዙም ስለማይታወቅ ይበልጥ ያስፈራል። በ2002 በቦስተን ማራቶን አንዲት የ28 ዓመት ሯጭ ሕይወቷ አለፈ። ምክንያቱ የውሃ እጥረት አልነበረም፤ ከመጠን ያለፈ ፈሳሽ ነበር። በዚያው ውድድር መጨረሻ ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶዎቹ በደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም ጨው፣ ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ፤ ሦስቱ ለሞት በሚያሰጋ ደረጃ ላይ ነበሩ። ጥናቱ በ2005 ሲታተም ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡት እነማን እንደሆኑም አሳየ፤ በሩጫው መካከል ክብደታቸው የጨመረና ርቀቱን ለመጨረስ ከአራት ሰዓት በላይ የወሰደባቸው። ፈጣኑ ሯጭ ለመጠጣት ጊዜም ሆድም የለውም። ቀስ ብሎ የሚሄደው ግን በየጣቢያው ቆሞ ኩባያውን እስከ መጨረሻው ይጨልጣል፤ ላቡም ያን ያህል አይደለም።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ኩላሊት በእረፍት ጊዜ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ማስወጣት ይችላል። በረጅም ሩጫ ጊዜ ግን ሰውነት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዝ ሆርሞን ስለሚመነጭ ይህ አቅም እጅግ ይቀንሳል። የተጠጣው ውሃ መውጫ ሲያጣ የደሙን ጨው ያቀጥናል፤ ውሃውም ወደ ሕዋሳት ይገባል፤ አንጎልም ያብጣል። አንጎል ደግሞ በአጥንት የተከበበ በመሆኑ ማበጫ ቦታ የለውም። በጠርሙስ የሚሸጡት የስፖርት መጠጦች ጨው አለባቸው ቢባልም ከደም ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ቀጭን ናቸው፤ ከመጠን በላይ የጠጣቸውንም ሰው አያድኑትም። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ቲም ኖክስ በ90 ኪሎ ሜትር ገደማው የኮምሬድስ ሩጫ ይህ ሕመም ሲደርስ ካየበት ከ1981 ጀምሮ ሲጮህ ኖረ። ራሱም ቀደም ሲል «ጠጡ፣ ጠጡ» ከሚሉት አንዱ ነበርና ቃሉን መለወጡ ያስመሰግነዋል። የአሜሪካው ኮሌጅም በ2007 የቀድሞ ምክሩን አሻሽሎ ልኩን ዝቅ አድርጓል።

በአገር ቤት «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል። ለእንጀራ እንጂ ለሯጭ ውሃ የተተረተ አይመስልም።

እንግዲህ ልኩ ምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ ጥማት ነው። ሰው ሲጠማው ይጠጣ፤ ሲረካ ይተው። ጥማት ዘግይቶ የሚመጣ ደካማ ምልክት ነው የሚለው ክስ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው አልተረጋገጠም። አንድ እውነተኛ ገደብ ግን አለበት፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ጥማት በወጣትነታቸው እንደነበረው አይሰማቸውም፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት እያሰቡ መጠጣት ይገባቸዋል። የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ልኩን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

ሪያድ ለዚህ ምክር የራሷን ፈተና ታቀርባለች። አየሯ ደረቅ ነው፤ ላብ ከቆዳ ላይ ከመንጠባጠቡ በፊት ይተናል። ከጅዳ ወይም ከደማም የመጣ ሯጭ ሸሚዙ ሲረጥብ ማየት ስለለመደ በሪያድ «ምንም አላላበኝም» ብሎ ራሱን ያታልላል፤ ቤቱ ገብቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ ግን ጥቁሩ ጨርቅ በነጭ የጨው መስመር ተሞልቶ ያገኘዋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ በቅርቡ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሪያድ 600 ሜትር ገደማ ላይ። ደጋ ላይ የጠነከረ ሳንባ ይዞ ይመጣል፤ ሙቀትን የለመደ ላብ ግን አይዞም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀናት ይፈልጋል፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቶሎና ብዙ ማላብን፣ በላቡም ውስጥ ጨው መቆጠብን ይማራል። ያን ጊዜ ሳይጠብቅ የሚሮጠውን ሰው የትኛውም የውሃ መጠን አይክሰውም።

ክርክሩ ሁሉ በውሃ ዙሪያ ሲሆን የሚረሳውም ይኸው ነው። የሯጭን ሰውነት የሚያግለው በዋናነት ፍጥነቱና የአየሩ ሙቀት ነው፤ ጠርሙሱ ባዶ መሆኑ ሁለተኛ ነው። በ2019 በዶሃ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን እኩለ ሌሊት ላይ እንዲጀመር ተደረገ። ውሃ በየጣቢያው ሞልቶ ነበር። ሆኖም ሙቀቱ 32 ዲግሪ ገደማ፣ የአየሩ እርጥበትም ከ70 በመቶ በላይ ስለነበር ከተነሡት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ ሦስቱም የኢትዮጵያ ሴቶች ከአቋራጮቹ መካከል ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ሌሊቱ ቀለል ሲል ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው ለኢትዮጵያ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ። በሁለቱ ሌሊቶች መካከል የተለወጠው አየሩ እንጂ ኩባያው አልነበረም። የሳዑዲ ዓረቢያ ሕግ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፀሐይ ላይ መሥራትን ይከለክላል። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ የተከለከለበትን ሰዓት ለጤና ሲሉ መሮጫ ማድረግ ለማስረዳት የሚከብድ ነገር ነው።

በረመዷን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ጾመኛ ሲጠማው መጠጣት ስለማይችል ጥማት መመሪያ መሆኑ ይቀራል፤ በምትኩ መመሪያ የሚሆነው ሰዓት ነው። ከዐሱር በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትበርድ፣ ረጅም ሩጫ የሚወጣ ሰው ሲጠማውም ሲደክመውም የሚያደርገው ነገር የለውም። ከመግሪብ በፊት ባሉት የመጨረሻ ደቂቃዎች ቀለል ያለ ሩጫ፣ ወይም ከተራዊሕ በኋላ የሚደረግ ልምምድ ግን ውሃውን በእጅ ያደርጋል። ሱሑር ላይ ሁለት ሊትር በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ቀኑን ሙሉ ያቆያል የሚለው ልማድም ትክክል አይደለም፤ አብዛኛው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በሽንት ይወጣል። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ሌሊት፣ ከምግብና ከሾርባ ጋር፣ ተከፋፍሎ ሲጠጣ ነው የሚቆየው።

የራሱን ልክ በቁጥር ማወቅ ለሚሻ ሰው ሚዛን ይበቃዋል። አንድ ሰው ከሩጫው በፊት 70 ኪሎ ቢመዝን፣ በአንድ ሰዓት ሩጫ ግማሽ ሊትር ጠጥቶ ሲመለስ 69 ኪሎ ቢሆን፣ ላቡ አንድ ሊትር ተኩል ነበር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ሁሉንም መተካት አለበት ማለት አይደለም፤ ቀሪው በእራትና በእረፍት ይመለሳል። ልብ ሊባል የሚገባው ተቃራኒው ነው፦ ሲመለስ ከመነሻው የከበደ ሯጭ በእርግጥ አብዝቶ ጠጥቷል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሯጩን ብቻ ሳይሆን ከመንገዱ ዳር የቆመውንም ይመለከታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባትና መንገዳገድ በሙቀት የተመታም፣ ውሃ የበዛበትም ሰው የሚያሳያቸው ምልክቶች ናቸው። የወደቀ ሰው ሲታይ የሁሉም እጅ ወደ ጠርሙሱ ይሮጣል፤ ደግነት ነው፣ ነገር ግን ውሃ የበዛበትን ሰው ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። ራሱን ያልሳተና በትክክል የሚናገር ሰው ከጠማው ይጠጣ። ንግግሩ የተምታታ ሰው ግን ምንም ሳይሰጠው ወደ ጥላ ይወሰድ፤ ሰውነቱ ከጋለ ውሃው በአፉ ሳይሆን በራሱ፣ በአንገቱና በደረቱ ላይ ይፍሰስለት፤ ለቀይ ጨረቃም በ997 ይደወል። ስልኩን የሚያነሣው ሰው ሯጩ ምን ያህል ሰዓት እንደሮጠና ምን ያህል እንደጠጣ ከተነገረው ለሐኪሙ ግማሹ ሥራ ተቃልሎለታል።