በክንድ የሚጋለብ ጎማ

ጥሊሊ ላይ በገበያ ቀን ከአስፋልቱ ዳር የቆመ ሰው ዓይኑ ሥራ አይፈታም። ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚያቃስት የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ድንች የተጫነ አህያ ያያል። ባለፈው ሰሞን የእኔ ዓይን አንድ ሰው ላይ ቀረ። በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ተቀምጦ ዳገቱን ይወጣል። እግሮቹን የልጅነት ልምሻ ይዞበታል። ፔዳሉ ደረቱ ትይዩ ነው፤ እጀታዎቹን ጨብጦ ባዞረ ቁጥር የአንገቱ ሥር ይገተራል። ሁለት ልጆች ሊገፉለት ከኋላው ሲደርሱ ዞር እንኳ ሳይል «ልቀቁ፣ እኔው እወጣዋለሁ» አላቸው። ወጣውም። አናቱ ላይ ሲደርስ ካቴናው ወለቀ። ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ጥርሱ ላይ መለሰው፤ ግራሶውን በጨርቅ ጠረገና መንገዱን ቀጠለ።

ይህ ሰው በየቀኑ የሚሠራው ሥራ በዓለም ላይ ስም ያለው ስፖርት ነው። ፓራ ሳይክሊንግ ይሉታል። እጅ ወይም እግር የጎደለው በተራ ብስክሌት ይወዳደራል፤ ሚዛን መጠበቅ የሚቸግረው በባለ ሦስት ጎማ። ዓይነ ስውሩ ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት ላይ ከኋላ ይቀመጣል፣ የሚያይ ጓደኛው ከፊት ሆኖ መሪውን ይይዛል። እግሩ የማይታዘዝለት ደግሞ እንደ ጥሊሊው ሰው በእጁ ይዘውራል። ይህ በእጅ የሚዘወረው ከአቴንስ 2004 ጀምሮ በፓራሊምፒክ ሜዳሊያ ይሰጥበታል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም ብስክሌት ማኅበር ራሱ ስፖርቱን ይመራዋል።

እኛስ? የኢትዮጵያ የፓራሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የመጡት ከአንድ ርቀት ነው፤ ከ1500 ሜትር ሩጫ። ለንደን 2012 ላይ ወንድዬ ፍቅሬ የመጀመሪያውን ብር አመጣ። ከዚያ የታምሩ ደምሴ ሩጫ መጣ፤ እኔ እሱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። መስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እኛ እዚህ እንቁጣጣሽ ስንል ዋልን፤ እሱ ሪዮ ላይ በ3 ደቂቃ ከ48.49 ሰከንድ ገብቶ ብር ወሰደ። እዚያው ሪዮ ላይ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በኦሊምፒኩ 1500 ሜትር ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊ የገባው በ3:50.00 ነበር። ዓይኑ በከፊል የሚያይ ልጅ ከዓለም የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የፈጠነ ሰዓት ይዞ ሁለተኛ ወጣ ማለት ነው። ቶኪዮ ላይ ትዕግስት ገዛኸኝ የመጀመሪያውን ወርቅ አጠለቀች፣ ፓሪስ 2024 ላይም ደገመችው። በዚያው በፓሪስ ያየሽ ጌቴ ከአጋዥ ሯጯ ጋር በአንዲት አጭር ገመድ እጅ ለእጅ ተያይዛ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ወሰደች። ያቺ ገመድ የምታስተሳስራቸው ሁለት ሰዎች ከባለ ሁለት መቀመጫው ብስክሌት ጥንዶች በምን ይለያሉ?

በእነዚህ ልጆች ኮርቻለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይቆጠቁጠኛል። እግሩ የማይራመድለት ኢትዮጵያዊ ከዚህ ድል ውስጥ የለም። ከሜዳሊያዎቻችን አንዱም በጎማ የመጣ አይደለም። የሚገርመው ታሪካችን የተጀመረው በጎማ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓራሊምፒክ የተወከለችው በቴል አቪቭ 1968 ነው፤ ያኔ ደግሞ ውድድሩ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ብቻ ነበር። ዓይነ ስውራንና እጅ እግራቸውን ያጡ ሰዎች የገቡት ከስምንት ዓመት በኋላ በቶሮንቶ ነው። እኛም ከ1980 እ.ኤ.አ. በኋላ ሃያ አራት ዓመት ጠፍተን ከረምን። በአቴንስ ተመልሰን ከመጣን ወዲህ ስም ያተረፍነው በሯጮች ብቻ ሆነ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሩጫ ጫማና ሜዳ ይበቃዋል። ለውድድር የተሠራ የእጅ ብስክሌት፣ ያ ነጂው ተንጋሎ መሬት ለመሬት የሚሄድበት፣ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። ቢሆንም ብስክሌት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሜልቦርን 1956 ላይ የብስክሌት ቡድናችን በጎዳና ውድድር ከዓለም ዘጠነኛ ወጥቷል፣ ፅጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቀናል፤ የስምምነቱ አንቀጽ 30 ስፖርትንም ይጨምራል። ያጸደቅነውን ልንፈጽመው ይገባል።

ገንዘብ የለም የሚለኝ ካለ የጋናዊውን ኢማኑኤል ኦፎሱ የቦዋን ነገር ላውጋው። አንድ እግሩ ሳይሟላ ተወለደ። በአገሩ እንደ እሱ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ይለምናል ተብሎ የሚጠበቅ ነበር፤ እሱ ግን አክራ ሄዶ ጫማ እየጠረገ ኖረ። አሜሪካ ላለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ደብዳቤ ጽፎ ብስክሌት ለመነ። ሲላክለት በአንድ እግሩ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ጋናን አቋረጠ፤ በየመንደሩ ሰው ወጥቶ አየው። ዓመታት ቆይቶ በልጅነቱ ልምሻ የያዘው አለም ሙሙኒ በለንደን 2012 ጋናን ወክሎ በብስክሌት ተወዳደረ።

እኛ አገዎች በዚህ ነገር ከማንም የቀረብን ነን እላለሁ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሜዳው በፈረስ ሲሞላ ያየ ሰው ያውቀዋል። ባለ ጋሻው ሽማግሌም፣ ልጓም ያጠበቀ ጎረምሳም እኩል ይወጣሉ። ፈረስ ላይ የወጣ ሰው እግሩ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ማን ያየዋል? የሚታየው እጁና ወገቡ ነው። እንግዲህ በዚያው ቀን ማለዳ፣ ፈረሶቹ ሳይነሱ፣ ከጥሊሊ፣ ከዳንግላ፣ ከእንጅባራ ባለ ሦስት ጎማዎቻቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ይወዳደሩ። ለመነሻ ያህል ዶላር አያስፈልግም፤ ብስክሌቶቹ መንገድ ላይ አሉ፣ ነጂዎቹም ዳገት ለምደዋል። ሰዓት የሚመዘግብ አንድ መምህር ይቁም። ከዚያ የተሻለውን ሁለት ሦስት ሰው ስም ጽፎ ወደ ፓራሊምፒክ ኮሚቴው የሚልክ የዞን ስፖርት ባለሙያ አይጠፋም።

ይህንን ሐሳቤን ለጥሊሊው ሰው ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «መንገዱ አስፋልት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ቀጥሎ ኩሽኔታው ያለቀበትን የኋላ ጎማ በጣቱ እያሽከረከረ «ይህቺን ማስቀየር አለብኝ» አለ።