ገለልተኛ ገንዘብ የለም

«የተማሪ ማኅበር ሥራው የተማሪ ጉዳይ ነው፤ የሩቅ አገር ጦርነት ምን አገባው?» የሚል ቃል በየምግብ አዳራሹና በየመኝታ ቤቱ ይሰማል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንዳንዶቹም የምናከብራቸው መምህሮቻችን ናቸው። ነገሩ ግን ስሕተት መሆኑን በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ከተፈጸመው ሥራ ለማስረዳት እንወዳለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2024 የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ለገዛ ተማሪዎቹ ማኅበር የ214,285 ዩሮ ሒሳብ ላከ። ምክንያቱ ምን ነበር? ተማሪዎቹ በትምህርቱ ዓመት ውስጥ ስለ ትምህርት ክፍያ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ፍልስጥኤም ሕዝብ ሰልፍ ባደረጉ ጊዜ፣ የኬልስ መጽሐፍ የሚባለው ጥንታዊ የብራና ወንጌል የሚታይበትን ቤት በር ዘግተው ነበርና፣ ከጎብኚዎች የምናገኘው ገቢ ቀረብን ነው።

ማኅበሩ ግን አልደነገጠም። ሜይ 3 ቀን ማታ ተማሪዎቹ በግቢው መካከል ድንኳን ተከሉ፤ ያንኑም በር መልሰው ዘጉት። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ ኮሌጁ ከእስራኤል ጋር ያለውን የገንዘብና የትምህርት ግንኙነት ያቋርጥ የሚል ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ኮሌጁ በተያዘው የፍልስጥኤም ምድር ከሚሠሩና በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ላይ ከሰፈሩ የእስራኤል ኩባንያዎች ገንዘቡን ለማውጣት ተስማማ፤ ድንኳኑም ተነቀለ። በጁን 2025 ደግሞ የኮሌጁ ቦርድ አንድ ኮሚቴ ያቀረበለትን ሐሳብ ተቀብሎ፣ ዋና መሥሪያ ቤታቸው በእስራኤል ከሆነ ኩባንያዎች ሁሉ ገንዘቡን ለማውጣት፣ ከእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎችም ጋር አዲስ ውል ላለመዋዋል ወሰነ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንግባ። አንደኛው ክርክር «ዩኒቨርሲቲ ገለልተኛ መሆን አለበት» የሚል ነው። መልካም! ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ በ2020 በሰፈራ መንደሮቹ ከሚካሄደው ሥራ ጋር ግንኙነት ያላቸውን 112 ኩባንያዎች ስም አውጥቷል። ከነዚህ የአንዱን አክሲዮን የያዘ ኮሌጅ ትርፉን ይቀበላል። ትርፉን ሲቀበል ገለልተኛ፣ ተማሪው ትርፉ ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቅ ግን ፖለቲከኛ የሚባለው በምን ፍርድ ነው? ተማሪዎቹ ኮሌጁን ወደ ጠብ አላስገቡትም፤ ገንዘቡ ቀድሞ ገብቶ ነበርና ይውጣ አሉ እንጂ። ድንኳኑ ከተነቀለ ከሁለት ወር በኋላ፣ ጁላይ 19 ቀን 2024፣ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት እስራኤል በተያዘው ምድር መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው፤ መንግሥታትም ይህ እንዲቀጥል መርዳት የለባቸውም ብሏል።

ሁለተኛው ክርክር «አለመግዛትና ድንኳን መትከል ከንቱ ነው» የሚል ነው። ይህን ለአየርላንድ ሰው የሚነግር ታሪክ አያውቅም። በ1880 በማዮ አውራጃ የአንድ ባላባት ምስለኔ የነበረውን ካፒቴን ቦይኮትን ጭሰኞቹ የመሬት ኪራይ ይቀነስልን ብለው ለመኑት፤ እምቢ አለ። አልገደሉትም፤ አኮረፉት። አሽከሩ ተወው፤ ሠራተኛ ጠፋ፤ ባለ ሱቁም አልሸጥለት አለ። ሰብሉን ለማሰብሰብ በብዙ መቶ የሚቆጠር ወታደር ጥበቃ አስፈለገ፤ ወጪውም የሰብሉን ዋጋ በብዙ እጥፍ በለጠ። ዓመቱ ሳያልቅ ሰውዬው አገሩን ለቆ ሄደ፤ ስሙ ግን ቀረ። ዛሬ እኛም ቦይኮት የምንለው ይኸንኑ ነው። በጁላይ 1984 ደግሞ በደብሊን ሜሪ ማኒንግ የምትባል የ21 ዓመት የሱቅ ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበሯ በወሰነው መሠረት፣ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ግሬፕ ፍሩት ሒሳብ አልመታም አለች። ከሥራ ስትታገድ አሥር ባልደረቦቿ ተከትለዋት ወጡ፤ ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይም በሥራ ማቆም ጸኑ። በ1987 የአየርላንድ መንግሥት የደቡብ አፍሪካ ፍራፍሬና አትክልት ወደ አገሩ እንዳይገባ ከለከለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው ክርክር ግን ሊናቅ አይገባውም፤ «ይህ ሁሉ ለአይሁድ ከመጥላት የመጣ ነው» የሚል ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስና ሌሎች ታጣቂዎች 1,200 ያህል ሰዎች ገድለዋል፤ አብዛኞቹ ሰላማውያን ነበሩ፤ 251 ሰዎችም አግተዋል። ይህን የሚሸፍን የሰብዓዊነት ጠበቃ ሊባል አይችልም። በጋዛ ደግሞ የዚያው የጤና ሚኒስቴር ቆጠራ እስከ 2025 መጨረሻ ከ70,000 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን ይናገራል። የመጀመሪያው ግፍ የሁለተኛው ፈቃድ ሊሆን አይችልም። መንግሥትን መቃወም ሕዝብን መጥላት አይደለም፤ በዚህም የተነሣ በብዙ የምዕራብ አገር ዩኒቨርሲቲዎች አይሁዳውያን ተማሪዎች ራሳቸው በድንኳኖቹ ውስጥ ነበሩ። በአንጻሩ በእምነቱ ወይም በዘሩ ምክንያት አንድን አይሁዳዊ ተማሪ የሚሰድብ ሰው፣ የፍልስጥኤምን ጉዳይ ለባላጋራዎቿ አሳልፎ የሚሸጥ ነው እንላለን።

የመንግሥታትንም ጠባይ እንይ። የአየርላንድ መንግሥት ሜይ 28 ቀን 2024 ለፍልስጥኤም መንግሥትነት ዕውቅና ሰጠ፤ ጥሩ አደረገ። ነገር ግን ከሰፈራ መንደሮቹ ጋር የሚደረገውን ንግድ እንዲከለክል በ2018 ለምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ ሕግ ለዓመታት ሲንከባለል ኖሯል። ዕውቅና ገንዘብ አያስወጣም፤ ንግድ ማቆም ግን ያስወጣል። ስለዚህ ከታች የሚገፋ ሕዝብ ከሌለ ከላይ ያለው ከመግለጫ አያልፍም።

አሁን ወደ 214,285 ዩሮው እንመለስ። የኮሌጁ ሒሳብ ለትምህርት ክፍያ የተዘጋውን በርና ለጋዛ የተዘጋውን በር ለይቶ አላስከፈለም፤ ሁለቱንም በአንድ ዕዳ ጠቀለላቸው። ታዲያ «የራሳችንን ጉዳይ ብቻ እንናገር» የሚሉት ጓደኞቻችን ይህን ያስቡበት። ስለ ሩቅ ሰው በመናገሩ ሊቀጣ የሚችል ማኅበር፣ ነገ ስለ መኝታ ቤቱ ጣራ ሲናገርም ይቀጣል፤ በዚያን ጊዜ ከጎኑ የሚቆም የሚያገኘው እርሱም አስቀድሞ ከሌላው ጎን ቆሞ እንደ ሆነ ነው። ማኅበራችንም ይህን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአጀንዳ ይዞ በግልጽ ይወያይበት።