ክሩን ያየ ተማሪ አይቀጣ

የጠፈር መንኮራኩር ነው ተብሎ በክር የተንጠለጠለ ሳህን ፊልም ላይ ሲበር ማን አይስቅ? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረው «ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000» እንዲህ ያሉ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞችን በመተረብ ዝነኛ ሆነ። የእኛው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰም እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣውና የድሮዎቹን በሚተርበው የሚጌል ያንሶ ፊልም፣ የስታሊንን የወረቀት ጭንብል ካጠለቀ የኮምፒዩተር ቫይረስ ጋር ሲፋለም ያስቃል።

ተረቡ የማይሰለቸው ለምንድነው? ተመልካቹ ክሩን ራሱ ስለሚያገኘው ነዋ! ፊልሙን ቢጠላውማ ጥሎ ይወጣ ነበር።

እኛም ነገ ጎሬ ወይም ያዮ ተመድበን የካርቶን ጨረቃ ስናንጠለጥል ተማሪ ይስቅ ይሆናል። «ውጣ!» ከማለት በፊት «ምኑ ነው ያሳቀህ?» እንበል። ጨረቃችን ከምድራችን መብለጧን አይቶ ከሆነ ትምህርቱ ገብቶታል፤ መቀሱን ማንሳት የእኛ ፋንታ ነው።