በቆይታ ዘመን ወይስ በሙያ ብቃት? የግብርና ኮሌጆች አሠለጣጠንና የገበሬው ማሳ

ከግብርና ኮሌጅ ተመርቆ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚመደብ የልማት ሠራተኛ ዋናው ፈታኙ መምህር ሳይሆን ገበሬ ነው። ገበሬው ዲፕሎማውን አሳየኝ አይልም። «ስንዴዬን ያጠቃው ምንድን ነው? ላሜ ለምን አልያዘችም? ይህ እርከን በመጀመሪያው ዝናብ ለምን ተናደ?» ሲል ነው የሚጠይቀው። መልሱ የተሳሳተ እንደሆነ የሚከፈለው ዋጋ በፈተና ወረቀት ላይ እንደሚደረግ ቀይ ምልክት ቀላል አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። አንድ መኸር ካመለጠ ደግሞ ሌላው የሚመጣው ከዓመት በኋላ መሆኑን ገበሬው ከማንም የበለጠ ያውቀዋል።

ስለሆነም የግብርና ኮሌጆቻችን ሥራ ሲመዘን ቀድሞ ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ «ሠልጣኙ ስንት ዓመት ተማረ?» የሚለው ሳይሆን «ምን መሥራት ቻለ?» የሚለው ነው። በብቃት ላይ የተመሠረተ ትምህርት የሚባለው የአሠለጣጠን ዘዴ መነሻም ይኸው ጥያቄ ነው። ዘዴው በአገራችን በመመሪያ ደረጃ ከተቀበልነው ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በወረቀት የተቀበልነው በማሳ ላይ ምን ያህል እንደተተረጎመ መመርመር ያስፈልጋል።

የአሠራሩ ፍሬ ነገር

በተለመደው አሠራር ቋሚ የሆነው ጊዜው ነው። ሁለት ሠልጣኞች እኩል ሦስት ዓመት ይማራሉ፤ አንዱ ከመቶ 90፣ ሌላው 50 ያገኛል፤ ሁለቱም ይመረቃሉ። 50 ያገኘው ሠልጣኝ ያላወቀው ግማሽ የትኛው እንደሆነ ግን ኮሌጁም ቀጣሪውም አያውቁትም። ምናልባት ያላወቀው የፀረ ተባይ መድኃኒት አለካክ ሊሆን ይችላል።

በብቃት ላይ በተመሠረተው አሠራር ይህ ይገለበጣል። ቋሚ የሚሆነው የሚፈለገው ችሎታ ነው፤ የሚለዋወጠው ጊዜው ነው። ሙያው በዝርዝር ተግባራት ይከፋፈላል፣ ለእያንዳንዱም መለኪያ ይወጣለታል፣ ሠልጣኙም ሥራውን ሠርቶ ያሳያል። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ገና» የምትለዋ ቃል ትልቅ ትርጉም አላት። ሠልጣኙ ወደቀ ተብሎ አይባረርም፤ የጎደለውን ለይቶ ተለማምዶ እንደገና ይመዘናል። ፈጥኖ የቻለውም ሌሎቹን እየጠበቀ ዘመኑን አይፈጅም።

ይህ አስተሳሰብ ከውጭ አገር ኮሌጆች ልምድ የመጣ ነው። በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ የሚገኘው አልቬርኖ ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ትምህርቱን በችሎታዎች ላይ ማዋቀር ጀመረ። በ1997 ደግሞ የ19 ምዕራባዊ ግዛቶች አገረ ገዥዎች ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ የተባለውን ተቋም መሠረቱ፤ በዚያ ተማሪው ማወቁን ባስመሰከረ ቁጥር ወደፊት ይራመዳል። ያም መንገድ ቢሆን ያለ ክርክር አልተጓዘም። በ2017 የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት ዋና ኦዲተር የመምህራኑ ተሳትፎ አነስተኛ ነው በሚል ዩኒቨርሲቲው ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልስ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በ2019 ሐሳቡን ባይቀበለውም የተነሳው ጥያቄ ዛሬም ትምህርት ይሰጣል፤ ምዘና ብቻውን ትምህርት አይደለም፣ ከመዛኙ በፊት የሚያስተምር ሰው መኖር አለበት የሚል ነው።

በአገራችን የተሄደበት መንገድ

በአገራችን መካከለኛ የግብርና ባለሙያዎችን በብዛት ለማፍራት ሰፊ ጥረት የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነው። 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ወጣቶችን ለሦስት ዓመት እያሠለጠኑ በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሦስት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ተደረገ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ60 ሺህ በላይ ሠለጠኑ። ይህ በአፍሪካ ተወዳዳሪ የማይገኝለት ቁጥር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም ቁጥሩና ችሎታው አብረው አልተራመዱም። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት የልማት ሠራተኞቹ የተግባር ልምድ የላላ እንደሆነ፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከላትም የሥራ ማስኬጃ ገንዘብና መሣሪያ እንደሚያጥራቸው ገልጿል።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናው ውጤት ተኮር እንዲሆን ደንግጎ ነበር። የሙያ ደረጃዎች በአምስት እርከን ተዘጋጁ። ያሠለጠነው ራሱ እንዳይመሰክር ሥልጠናና ምዘና ተለያዩ። አንድ ሰው ሙያውን የተማረው በኮሌጅም ይሁን ከአባቱ እርሻ፣ መመዘን እንደሚችልም ተፈቀደ። በሐሳብ ደረጃ ከዚህ የተሻለ መሠረት ማግኘት ያስቸግራል።

ማሳው የሚጠይቀው ችሎታ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ብቃት ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት በገጠር በየዕለቱ የሚሠሩ ሦስት ተግባራትን እንመልከት።

የመጀመሪያው እርከን መቀየስ ነው። መሣሪያው ሁለት እኩል ዘንጎች፣ ገመድና የውሃ ልክ ብቻ ነው። ሠልጣኙ ስለ አፈር መሸርሸር አሥር ገጽ ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን ልኩን አሳስቶ እርከኑን ወደ አንድ ጎን ካዘነበለው፣ በየቦታው ይሰርግ የነበረው ውሃ በአንድ በኩል ተጠራቅሞ ግድቡን ይጥሳል፤ እርከን ባይሠራ ኖሮ ያልነበረ ቦይም ይቀዳል። መላው ቀበሌ ለሳምንታት የደከመበት ሥራ ጥፋት አመጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ ነው። ከኮርማው የተወሰደው ዘር ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ማለዳ ኮርማ ስትፈልግ የታየች ላም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየችው ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ሰዓቱ ካለፈ ወይም ዘሩ ሲቀልጥ ሙቀቱ ካልተጠበቀ ላሚቱ አትይዝም፤ ገበሬውም ተመልሳ እስክትፈልግ 21 ቀን ገደማ ይጠብቃል። በተደጋጋሚ ሲሳሳት የቤተሰቡ ወተት ለወራት ይቋረጣል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ማዳቀሉ በትክክል መፈጸሙ በዚያው ዕለት በዓይን ሊታይ ይችላል፤ ላሚቱ መያዟ ግን የሚረጋገጠው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ሦስተኛው ስሌት ነው። ለምሳሌ በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ እንዲጨመር ምክር ቢሰጥ፣ ገበሬው የሚያርሰው አንድ ጥማድ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ ከሆነ ድርሻው 25 ኪሎ ነው። ይህንንም ሰብሉ ሲዘራና ካደገ በኋላ ከፋፍሎ መጨመር ያስፈልጋል። በማዳበሪያ ውድነት ዘመን በዚህ ስሌት መሳሳት የገበሬውን ኪስ ማራቆት ነው።

እነዚህ ሦስቱም በጽሑፍ ፈተና ብቻ ሊመዘኑ አይችሉም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመር ካለፉት ይልቅ ያላለፉት በልጠው መታየታቸው ብዙዎችን አስደንግጧል። ፈተናው የዕውቀትን ጉድለት ማሳየቱ ጠቃሚ ነው። ዳሩ ግን ያለፈውም ቢሆን የውሃ ልኩን ገመድ መያዝ ይችል እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም።

ዘዴው የሚሰናከልበት ቦታ

በእርሻ ሙያ ብቃት ከወቅት ጋር የተሳሰረ ነው። ብየዳ የሚማር ሠልጣኝ በፈለገው ቀን ሊመዘን ይችላል፤ ብረቱ ሐምሌን ወይም ጥርን አይመርጥም። የስንዴ ዋግን በማሳ ላይ መለየት ግን የሚቻለው ስንዴ በሚያድግበት ወቅት ብቻ ነው። ምዘናው በመጋቢት፣ በደረቅ መሬት ላይ የሚካሄድ ከሆነ ሠልጣኙ የሚጠየቀው በሥዕል ነው፤ የሚመልሰውም በቃል ነው። እንዲህ ሲሆን አዲሱ ዘዴ በአዲስ ስም የተጠራ አሮጌ ፈተና ይሆናል።

ሁለተኛው መሰናክል የመለማመጃ እጥረት ነው። የተግባር ሥልጠና ድርሻ 70 በመቶ፣ የንድፈ ሐሳብ 30 በመቶ ይሁን ተብሎ መጻፉ ብቻውን አያሠለጥንም። አንዲት ላም ለሃምሳ ሠልጣኝ ከሆነች አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ያያሉ። እያዩ መማር ጅምር ቢሆንም እጅን አያፍታታም።

ሦስተኛው ሙያን ከመጠን በላይ መቆራረጥ ነው። የጤፍን በመስመር መዝራት እንመልከት። በብተና በሄክታር 25 ኪሎና ከዚያም በላይ የሚፈጀውን ዘር በብዙ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። መስመር አውጥቶ መዝራት የሚችል ሠልጣኝ በዚህ ተግባር «ብቁ» ይባላል። ነገር ግን ሥራው በዘር ወቅት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ረዳት ለሌላት እናት ወራሽ ይህን ምክር እንዳለ መስጠት ይገባል ወይስ በጥቂቱ መሬት ላይ ትሞክረው ማለት ይሻላል? ይህን የሚመልሰው የተግባር ዝርዝር ሳይሆን የባለሙያው ማስተዋል ነው። እንዲሁም የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎውን ሲወር፣ ቀደም ብለው የተዘጋጁ ዝርዝሮች ስለዚህ ተባይ የሚሉት አልነበረም። የጠቀመው የነፍሳትን የሕይወት ዑደት ከመሠረቱ የተማረው ሰው ነው። ስለዚህ የተግባር ብቃት ንድፈ ሐሳብን የሚገፋ መሆን የለበትም። ሁለቱ እንደ ጥንድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ቀንበሩን አይጎትትም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ የኮሌጆቹ የትምህርት ዘመን ከእርሻው ዘመን ጋር ሊታረቅ ይገባል። ሠልጣኙ ከእርሻ እስከ ውቂያ አንድ ሙሉ አዝመራ በኃላፊነት የሚይዘው ቁራሽ መሬት ይኑረው። ምዘናውም በአንድ ቀን ከሚጠቃለል ይልቅ በእርሻ፣ በዘር፣ በአረምና በአጨዳ ወቅት ተከፋፍሎ ይካሄድ፤ በየደረጃው የሠራው በሥራ መዝገብ ይጻፍለት። አላጌን የመሰሉ ሰፊ መሬት ያላቸው ኮሌጆች ለዚህ የተመቹ ናቸው። መሬት የጠበባቸው ደግሞ ከአካባቢው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከላት ጋር ቢቀናጁ ማዕከላቱም ሕይወት ያገኛሉ።

ሁለተኛ፣ ገበሬው በምዘናው ድምፅ ይኑረው። በእርከኑ ላይ የሚያርሰው፣ ላሟ የተዳቀለችለት እርሱ ነው። ሠልጣኙ የሰጠው ምክር ግልጽ እንደነበር፣ ሥራውም እንደያዘ ከገበሬው የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ሦስተኛ፣ በኮሌጅ ሳያልፍ ሙያ ያለው ሰው የሚመዘንበት በር በሥራ ላይ ይዋል። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የኮንሶን የድንጋይ እርከን የገነቡት ገበሬዎች ዲፕሎማ አልነበራቸውም። የእነርሱን ሙያ የወረሰ ወጣት ስለ እርከን ሀ ብሎ እንዲማር ከማስገደድ፣ ያለውን መዝኖ የጎደለውን ማሟላት ጊዜም ገንዘብም ያተርፋል።

አራተኛ፣ ኮሌጆች የሥራ ውጤታቸውን ሲያቀርቡ የምሩቃንን ቁጥር ብቻ አይዘርዝሩ። ስንቱ በየትኛው ተግባር ብቁ እንደሆነ፣ ስንቱ በየትኛው እንደጎደለ ይግለጹ። በብዛት የሚጎድለው ተግባር የኮሌጁ ድክመት ያለበትን ቦታ ያመለክታልና።

ይህ ሁሉ ወጪ እንደሚጠይቅ አያጠራጥርም። ላም፣ መሬት፣ መሣሪያ፣ መዛኝ፣ ለተደጋጋሚ ምዘና የሚሆን ጊዜ ሁሉ ገንዘብ ነው። ሠልጣኙ እንደየችሎታው በተለያየ ጊዜ ሲጨርስ የበጀትና የምደባ አሠራርም መስተካከል ይኖርበታል። ነገር ግን ያልበቃ ባለሙያ የሚያስከትለው ወጪም ቀላል አይደለም፤ ልዩነቱ የኋለኛውን የሚከፍለው ኮሌጁ ሳይሆን ገበሬው መሆኑ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የሙያ ሥልጠናን የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ግብርና ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች ሊነጋገሩበት የሚገባው ጉዳይም ይኸው ነው።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። የልማት ሠራተኛው ሙያ ግን በልብ ብቻ ተሰውሮ ሊቀመጥ አይችልም፤ በእጁ ሥራ መታየት አለበት። የመጀመሪያው መታያ ቦታም የድሃ ገበሬ ማሳ መሆን የለበትም። በኮሌጁ መሬት ላይ ተሳስቶ፣ ታርሞ፣ ደግሞ ሞክሮ የበቃ ባለሙያ ወደ ቀበሌ እንዲወርድ ማድረግ ለሠልጣኙም ክብር፣ ለገበሬውም ዋስትና ነው እንላለን።