የጸዳው ሽፋንና ያልጸዳው ድምፅ፦ «ትራንሲልቫኒያን ሀንገር» ዳግም ሲታተም

አንድ የቆየ የሙዚቃ ሥራ ዳግም በሚታተምበት ጊዜ በአሳታሚውና በአድማጩ መካከል የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ ጥራት ላይ ያተኩራል፤ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ታትሞ የነበረው ጽሑፍ ምን እንደ ደረሰበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የኖርዌዩ የብላክ ሜታል ቡድን ዳርክትሮን ያወጣው አራተኛ አልበም «ትራንሲልቫኒያን ሀንገር» ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድነት ለመመርመር ያመቻል። አልበሙን ፒስቪል የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ኩባንያ በፌብሩዋሪ 1994 አወጣው (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2003 ደግሞ ድምፁን በአዲስ መልክ አሰናድቶ፣ ከሙዚቀኞቹ ጋር የተደረገ የቪዲዮ ቃለ ምልልስም አክሎ መልሶ አሳተመው። ከዚያ ወዲህም በሸክላና በሲዲ ደጋግሞ ወጥቷል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው፣ በዳግም ኅትመቱ ድምፁ እንደ ታሪክ ሰነድ በጥንቃቄ ሲያዝ ጽሑፉ ግን በዝምታ መሰረዙ አድማጩን የሚጎዳ መሆኑን ነው።

ብላክ ሜታል ከሄቪ ሜታል የወጣ፣ በፈጣን ድራም፣ በሻካራ የጊታር ድምፅና በጩኸት በሚቀርብ ግጥም የሚታወቅ፣ ክርስትናን በግልጽ የሚቃወም የሙዚቃ ዓይነት ነው። ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ በያዘበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን የኖርዌይ ታሪኩን ከወንጀል ነጥሎ መተረክ አይቻልም። በጁን 1992 በበርገን ከተማ ይገኝ የነበረው፣ ዕድሜው ከ12ኛው ክፍለ ዘመን የሚቆጠረው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በእሳት ወደመ፤ ሌሎች ቃጠሎዎችም ተከተሉ። በኦገስት 1993 የሜይሄም ቡድን ጊታር ተጫዋች ኦይስታይን ኦርሴት ተገደለ። ገዳዩ ቫርግ ቪከርነስ፣ በቃጠሎዎቹም ጭምር ጥፋተኛ ተብሎ፣ በሜይ 1994 የ21 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ«ትራንሲልቫኒያን ሀንገር» ከተካተቱት ስምንት ዘፈኖች የአራቱን ግጥም የጻፈው ይኸው ሰው ነው። አልበሙ በ1993 መጨረሻ ሲቀዳ እርሱ በእስር ላይ ነበር።

ስለ ድምፁ ብዙ ሊባል ይገባል፤ የአድማጮቹ ፍቅርም ሆነ ቁጣ የሚነሣው ከዚያ ነውና። በ1991 የወጣው የቡድኑ የመጀመሪያ አልበም በስቶክሆልም በሚገኝ ስመ ጥር ስቱዲዮ የተቀዳ፣ የጠራ ሥራ ነበር። ስለዚህ በኋላ የመጣው ሻካራነት የአቅም ማነስ ውጤት አይደለም። «ትራንሲልቫኒያን ሀንገር» በቤት ውስጥ፣ ባለ አራት ትራክ በሆነ አነስተኛ መቅጃ ተቀዳ። ድራሙን፣ ጊታሩንና ቤዙን በየተራ የተጫወተው ፌንሪዝ ብቻውን ሲሆን፣ ኖክተርኖ ኩልቶ ድምፁን አከለበት። በመጀመሪያው ዘፈን ድራሙ አንዴ ከተነሣ በኋላ ፍጥነቱን እምብዛም አይለውጥም፤ ጊታሩ ከንብ መንጋ እንደሚወጣ ድምፅ እየተነባበረ ይፈሳል። ለጥቂት ደቂቃ የታገሠ አድማጭ ከዚያ ሁካታ ሥር ቀላልና ሐዘንተኛ የሆነ ዜማ ይሰማል። ያን ዜማ ያገኘ ሰው አልበሙን በቀላሉ አይተወውም።

የካሴት ዘመንን ለሚያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢ ከቴፕ የሚወጣው «ሽ…» የሚል ድምፅ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም በአሠራር የሚቀራረብ ሥራ በቅርብ ይገኛል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንን፣ ኪቦርዶችንና የድራም ማሽንን እያነባበሩ ብቻቸውን የቀረጹት የካሴት ሥራቸው በ2013 በአሜሪካ ዳግም ታትሞ ለአዲስ ትውልድ ደርሷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን መሠረታዊ ነው። በካሴቱ ላይ ያለው ጫጫታ የመሣሪያውና የዘመኑ አሻራ በመሆኑ ቢቀነስ ሙዚቃውን እምብዛም አያጎድለውም። በዳርክትሮን ሥራ ግን ጫጫታው የድርሰቱ አካል ነው።

በዚህ ምክንያት የዳርክትሮን አድማጮች ለሪማስተር ሥራ የሚያሳዩት ጥርጣሬ ከናፍቆት የመነጨ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የቴፑ ጫጫታና የጊታሩ ጫፍ በአንድ የከፍተኛ ድግግሞሽ ክልል ስለሚገኙ አንዱን የቆረጠ ባለሙያ ሌላውንም መቁረጡ አይቀርም። አማካዩን የድምፅ መጠን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ በለሆሳስና በጩኸት መካከል የነበረችው ጠባብ ርቀት ይብስ ትጠባለች። የመጀመሪያውን የሸክላ ኅትመት በውድ ዋጋ የሚፈልጉት ሰዎች ሁሉ ሰብሳቢዎች ወይም ግብዞች አይደሉም፤ ከእነርሱ መካከል ልዩነቱን በጆሯቸው የሚለዩ አሉ። አሳታሚዎችም ይህን ያውቃሉ። ሻካራው ድምፅ እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ፤ በማስታወቂያቸውም ለመነሻው ቅጂ ታማኝ መሆናቸውን ይናገራሉ።

ለጽሑፉ ግን ተመሳሳይ ታማኝነት አልታየም። በመጀመሪያው ኅትመት የጀርባ ሽፋን ላይ ሙዚቃውን በ«አርያን» ዘር የሚሰይም ሐረግ ሰፍሮ ነበር። ቡድኑ ለማስታወቂያ ያዘጋጀው መግለጫ ደግሞ አልበሙን የሚተቹትን፣ «አይሁዳዊ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ተጠቅሞ ያጣጥል ነበር። ፒስቪል በዚያን ጊዜ ያደረገው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሐሳቡን እንደማይደግፍ በይፋ ገለጸ፣ የአርቲስቶቹን ቃል ሳንሱር እንደማያደርግ ተናገረ፣ ፍርዱንም ለገዢው ተወ። ቡድኑም ቃሉ በወጣቶች ዘንድ በዘልማድ የሚነገር እንደ ነበር በማስረዳት ይቅርታ ጠየቀ። በ1995 በወጣው ቀጣይ አልበም ላይ ቡድኑ ናዚያዊም ፖለቲካዊም እንዳልሆነ የሚገልጽ ማስታወሻ አስፍሯል፤ የማስታወሻው ቃና ግን ከጸጸት ይልቅ ወደ ንዴት ያደላል። ኋላ በታተሙት ቅጂዎች የጀርባው ሐረግ ተወግዷል። ገዢው ሽፋኑን ቢያገላብጥ በዚያ ቦታ አንዳች ነገር እንደ ነበር የሚያስጠረጥረው ምልክት አያገኝም።

ሐረጉ መወገዱን የሚደግፉ አድማጮች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። የዘር ጥላቻን በሚያነግሥ ቃል ንግድ መነገድ ያሳፍራል፤ ቃሉን መልሶ ማተምም ለሚናፍቁት ሰዎች ስጦታ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በምናብ የተፈጠሩ አይደሉም፤ በብላክ ሜታል ጥግ ናዚነትን በግልጽ የሚሰብኩ ቡድኖች አሉ። ሐረጉ እንደ ቀድሞው በሽፋን ላይ ይመለስ የሚል ሐሳብ በዚህ ረገድ ተቀባይነት የለውም። «ሙዚቃው ሙዚቃ ነው» በማለት ነገሩን የሚያልፉት አድማጮች ክርክር ግን ደካማ ነው። የድምፁ ሻካራነት የአልበሙ ማንነት ነው ብሎ የሚሟገት ሰው፣ በዚያው ሽፋን ላይ የታተመው ቃል ማንነቱን አይመለከትም ሊል አይችልም።

ስረዛው የታለመለትን ግብም አልመታም። ከዘፈኖቹ በአንዱ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ የተቀዳ ንግግር ይሰማል፤ ቀጥ ተደርጎ ሲደመጥ አብያተ ክርስቲያናት እንዲቃጠሉ የሚመኝ ነው። ከፋንቶፍት ቃጠሎ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የወጣ መሆኑ ሲታሰብ ንግግሩን እንደ ተራ ቀልድ ማለፍ ያስቸግራል። ይህ ንግግር የድምፁ አካል ስለ ሆነ አልተነካም። የወንጀለኛው ግጥሞችም በቦታቸው አሉ። የተነሣው፣ አንድ ሰው ሙዚቃውን ሳይገዛ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሊያነበው የሚችለው ክፍል ብቻ ነው። ጽዳቱ የአሳታሚውን ስም ከሐሜት ከመጠበቅ አልፎ ለአድማጩ ያስገኘው ጥቅም አይታይም።

የሚሻለው አካሄድ ፒስቪል ራሱ በ1994 ከጀመረው የራቀ አይደለም። ሐረጉ ከሽፋኑ ርቆ በውስጥ መጽሔቱ ገጽ ላይ ሊጠቀስ ይችላል፤ መቼና በማን እንደ ተጻፈ፣ ኩባንያው ምን ብሎ እንደ ተቃወመ፣ ቡድኑ ምን ብሎ ይቅርታ እንደ ጠየቀ፣ የአራቱ ግጥሞች ጸሐፊ በምን ወንጀል እንደ ተፈረደበት ከጎኑ ይሰፍራል። ለዚህ ከሁለት ገጽ በላይ አያስፈልግም። የ2003ቱ ኅትመት ለቪዲዮ ቃለ ምልልስ ቦታ አግኝቷልና የቦታ ጥበት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ቃለ ምልልሱ በራሱ በቂ ነው የሚል መልስ ቢሰጥ፣ የባለቤቶቹ ትዝታ የአሳታሚን ማስታወሻ አይተካም።

ጉዳዩ አሁን የበለጠ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። አልበሙን ዛሬ በስልኩ የሚያዳምጥ ወጣት የሚያየው የፊት ሽፋኑን፣ በጥቁርና ነጭ የተነሣውን መቅረዝ የያዘ ሰው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። የጀርባ ሽፋን የሚባል ነገር አያጋጥመውም፤ የግጥም ጸሐፊዎቹን ስም የሚያነብበት መጽሔትም በእጁ የለም።