ያለፈው ጥያቄ ይነበብ

የሳሪስ አቦ ሰው መሰብሰብ አይከብደውም። ወር በገባ በ5 ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ይወጣል፤ መጋቢት 5 ሲሆንማ ሌላ ነው። ለእድሩም ወርኃዊ ክፍያውን ይዞ ይመጣል፤ የቀረ ይቀጣል፣ ድንኳንና ወንበር ይቆጠራል፣ ገንዘብ ያዡ በሰው ፊት ይጠየቃል (አንዳንዴም ከመጠን በላይ)።

የወረዳ ስብሰባ ሲጠራ ግን ብዙው ሰው ሥራ ይበዛበታል። አንፈርድበትም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተመሠረተው ቀበሌ እንኳ በስሙ የነዋሪዎች ማኅበር ነበር፤ ዛሬ ነዋሪው የሚጠራው ያለቀ አጀንዳ ሊሰማ ነው። ስለ ውኃና ስለ ጎርፍ መውረጃ የጠየቀውም «ተይዟል» ይባላል፤ የት እንደደረሰ የሚነግረው የለም።

ወረዳው ከእድር አንድ ነገር፣ በሰው ፊት መጠየቅን፣ ይውሰድ፦ ቀጣዩ ስብሰባ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ፣ ከነኃላፊው ስምና ከነቀነ ገደቡ፣ በማንበብ ይጀመር።